ነባር መድኃኒት ለአዲስ ቫይረስ፦ ከጥቁር አንበሳ ደጃፍ ሲታይ

አዲስ መድኃኒት ቀምሞ፣ ፈትሾ ለበሽተኛ ማድረስ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቫይረስ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው መደርደሪያ ላይ ያለውን ነው። የነባር መድኃኒት መጠኑም ጠንቁም ይታወቃል። የማይታወቀው ለአዲሱ በሽታ ይሠራል ወይ የሚለው ብቻ ነው። «ብቻ» ማለቴ ለአፍ ያህል ነው፤ ጣጣው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

አዲስ አበባን በ1911 ዓ.ም. ካጠቃት የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) የቀረልን በየዓመቱ ኅዳር 12 የሚጤሰው ጭስ ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ግን ነባር መድኃኒትን ለአዲስ በሽታ የማዋል ዘዴው ሠርቷል። ዚዶቩዲን እ.ኤ.አ. በ1964 ለካንሰር ታስቦ ተሠርቶ ሳይሳካለት የቀረ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

ብዙ የተጻፈለት የኮቪድ ጊዜ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሰው ሁሉ ወሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የወባ ኪኒን ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለወባ ኪኒኑ ለሃይድሮክሲክሎሮኪን መጋቢት 19 የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ፤ ሰኔ 8 መልሶ አነሳው። በትልልቅ ጥናቶች ጥቅም አልታየበትም።

በማግስቱ፣ ሰኔ 9፣ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የዴክሳሜታዞን (ባጭሩ ዴክሳ) ወሬ መጣ። ዴክሳ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው። ቫይረሱን አይገድልም። ሳንባ የሚጎዳውን የሰውነት የራሱን ቁጣ ነው የሚያበርደው። በጥናቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ውስጥ ዴክሳ ካላገኙት 41.4 በመቶ ሲሞቱ፣ ካገኙት የሞቱት 29.3 በመቶ ነበሩ። መጠኑም በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን ነው። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ጥቅም አልታየበትም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ቤት ተቀምጦ «ለጥንቃቄ» መዋጥ ያላዋጣው ለዚህ ነው።

ጤና ሚኒስቴር በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 13፣ ዴክሳ ኦክስጅንና መተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ አሳሰበ። በአራት ቀን! ያኔ ዋናዎቹ የኮቪድ ሕክምና ማዕከላት የነበሩት ኤካ ኮተቤና ሚሊኒየም አዳራሽ ከመሀል ከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። ሆኖም እዚያ ከተሰማሩት ሐኪሞች ብዙዎቹን ያስተማረው ከትግላችን ሐውልት አጠገብ ያለው ጥቁር አንበሳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሬምዴሲቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለሄፓታይተስ ሲ (ጉበት ለሚያጠቃ ቫይረስ) ታስቦ በኢቦላ ላይም ተሞክሮ የመጣ ነው፤ ለኮቪድ ስላለው ጥቅም ጥናቶቹ አልተስማሙም። አይቨርሜክቲን፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ለኦንኮሰርኪያሲስ (ዓይን ሊያሳውር ለሚችል የጥገኛ ትል በሽታ) የሚታደለው ኪኒን፣ ዛሬም ጠበቆች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መጋቢት 2013 ዓ.ም. ላይ ከጥናት ውጭ ለኮቪድ እንዳይሰጥ መክሯል።