ካሊበር ምንድን ነው? ለአጋዘንና ለኤልክ አደን ጥይት ሲመረጥ ቁጥሩ የሚነግረንና የማይነግረን

ክላሽንኮቭ የሚያውቅ ሰው «7.62» የሚለውን ቁጥርም ያውቃል። ይኸው ቁጥር በጂ-3 ጠመንጃ ጥይት ስም ላይም ይገኛል፤ ሆኖም ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን ያቆመ ሰው አንዱ ለሌላው ጠመንጃ እንደማይሆን ለማወቅ ባለሙያ መጠየቅ አያስፈልገውም። የክላሹ ቀለሃ 39 ሚሊ ሜትር፣ የጂ-3ው ደግሞ 51 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ የመጀመሪያው ወደ 2,000 ጁል፣ ሁለተኛው ወደ 3,500 ጁል የሚደርስ ጉልበት ይዞ ነው። ካሊበር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ካሊበር የጠመንጃ በርሜል ውስጣዊ ስፋት መለኪያ ነው። በአውሮፓ ልማድ በሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካ ልማድ ደግሞ በኢንች ክፍልፋይ ይገለጻል፤ ስለዚህ «.30» ሲባል የኢንች 30 በመቶ ማለት ነው። በበርሜሉ ውስጥ አረሩን እያሽከረከሩ የሚያስወጡ ጠመዝማዛ ቦዮች ስለተቀረጹ ስፋቱ ከቦይ እስከ ቦይ ወይም በቦዮቹ መካከል ካለው ከፍ ያለ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሊለካ ይችላል፤ ውጤቱም ይለያያል። በ«.30» ጠመንጃ የሚተኮሰው አረር ስፋቱ በትክክል ሲለካ 0.308 ኢንች፣ ማለትም 7.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «.270» የተባለው ጥይት አረር ደግሞ 0.277 ኢንች ነው። ሁለተኛው ቁጥርማ ጭራሽ አንድ ደንብ የለውም፦ በ«.30-06» ላይ ያለው 06 የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበትን 1906 እ.ኤ.አ. ያመለክታል፣ በ«.30-30» ላይ ያለው ሁለተኛ 30 በመጀመሪያ ይሞላበት የነበረውን የባሩድ መጠን ይናገራል፣ በ«7.62 በ51» ላይ ያለው 51 ደግሞ የቀለሃው ርዝመት ነው። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ከመለኪያነት ይልቅ እንደ መጠሪያ ስም አድርጎ መያዝ ይሻላል።

በአማርኛ ሙሉውንም፣ ተፈናጥሮ የሚሄደውንም ክፍል «ጥይት» ስለምንል ነገሩ ይበልጥ ይደበላለቃል። እዚህ ላይ አሮጌዎቹ ቃላት ይረዱናል፦ ተወርውሮ ዒላማውን የሚመታው አረር ነው፤ ባሩዱን የሚይዘው ናስ ቀለሃ ነው፤ ጥይት የሚባለው እነዚህ ተገጣጥመው ነው። ካሊበር የሚነግረን የአረሩን ወርድ ብቻ ሲሆን ከኋላው ምን ያህል ባሩድ እንዳለ ግን አይነግረንም። በ1952 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው .308 ዊንቸስተር፣ ከእርሱ የሚበልጠው .30-06 እና በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም አንድ ዓይነት ወርድ ያለው አረር ይተኩሳሉ፤ የሚለያዩት በቀለሃቸው ነው። በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኤም-1 ጠመንጃ የተኮሱት .30-06 ነበር።

እንስሳቱንም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «አጋዘን» የሚለው ስም በሀገራችን እነ ደጋ አጋዘን የሚጠሩበት ሲሆን፣ የእነርሱ ቀንድ አይረግፍም። በእንግሊዝኛ «ዲር» የሚባለው ወገን ግን ወንዱ ቅርንጫፍ ያለውን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ የሚያበቅል፣ በኢትዮጵያም የሌለ ነው፤ ሌላ የተለመደ ስም ስለሌለን እኔም እዚህ አጋዘን እለዋለሁ። ኤልክ ከዚሁ ወገን ግዙፍ ከሆኑት አንዱ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ወንድ አጋዘን ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 130 ኪሎ ሲመዝን፣ ወንድ ኤልክ ከ300 ኪሎ ያልፋል፣ ማለትም የሀገራችንን የእርሻ በሬ ያህላል። ለሁለቱ አንድ ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ጥያቄው የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኮሎራዶ ሕግ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ወሰን ካሊበር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ለሁለቱም እንስሳት ካሊበሩ ከ.24 ማነስ የለበትም፤ በተጨማሪ ግን አረሩ ሲመታ የሚሰፋ እንዲሆን፣ ክብደቱ ለአጋዘን ቢያንስ 70፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬይን እንዲሆን፣ በ100 ያርድ ርቀትም 1,000 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም 1,356 ጁል ጉልበት እንዲኖረው ይጠይቃል። (አንድ ግራም 15.4 ግሬይን ያህል ነው።) በዚህ መሠረት 100 ግሬይን አረር ያለው .243 ዊንቸስተር ለኤልክም ሕጋዊ ነው። ለአጋዘን ጥሩ ጥይት መሆኑን እቀበላለሁ፤ ለኤልክ ግን ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ የምመርጠው አይደለም።

ከወርዱ ይልቅ ብዙ የሚወስነው የአረሩ አሠራር ነው። የጦር ጥይት አረር እርሳሱ በጠንካራ ብረት ተሸፍኖ ስለሚሠራ ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳውም ቆስሎ ብዙ ርቀት ሊሮጥ ይችላል። የአደን አረር ጫፉ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ይሰፋል፤ ሰፊ ቁስል በመክፈቱም ቶሎ ይገድላል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ለቀላል አጋዘን የተሠራ ለስላሳ አረር የኤልክን የወርች አጥንት ሲመታ ወደ ሳንባው ሳይደርስ ሊፈራርስ ይችላል። ስለዚህ ለኤልክ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ ወይም መላ አካሉ መዳብ የሆነ አረር ይመረጣል። መዳቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ የእርሳስ ስብርባሪ በሥጋው ውስጥ አይተውም። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። በደንብ የተሠራ 130 ግሬይን የ.270 አረር፣ ካሊበሩ ቢያንስም፣ ከደካማ የ.30 አረር ይልቅ ኤልክን በአስተማማኝ ሁኔታ ይጥላል ብዬ አምናለሁ።

የጉልበት ስሌትም መታየት አለበት፣ ነገር ግን ከልክ በላይ መመለክ የለበትም። ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበት በእጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግን አራት እጥፍ ይሆናል። 180 ግሬይን አረር ከ.30-06 ወደ 3,950 ጁል፣ ከ.300 ማግነም ደግሞ ወደ 4,700 ጁል ይዞ ይወጣል። ይህ ጭማሪ በነጻ አይገኝም፤ ጠመንጃው ትከሻን አጥብቆ ይራገጣል፣ ምቱን የሚፈራ ተኳሽም ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ከወርቹ ጀርባ ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ሲሳት ሆዱን የመታውን ጥይት የትኛውም ማግነም አያድነውም። ስለዚህ ለሁለቱም እንስሳት አንድ ጠመንጃ ለሚፈልግ ጀማሪ ከ165 እስከ 180 ግሬይን አረር ያለውን .308 ወይም .30-06 እመክራለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.5 ክሪድሞር ምቱ ለስላሳ ስለሆነ ለአጋዘን በጣም የሚስማማ ሲሆን፣ ለኤልክ ግን ርቀቱን ማሳጠርና ጠንካራ አረር መምረጥ ይፈልጋል።

በመጨረሻም የጥይቱ ሙሉ ስም በበርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር ቃል በቃል መመሳሰል አለበት። .300 ብላክአውት የተባለው ጥይት በ.223 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ሰፊው አረር በጠባቡ በርሜል ማለፍ ስለማይችል ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ይፈነዳል።