ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ምሳሌው ሦስት ቃላት ብቻ ከ«ከ» ጋር ቋጥሮ ያልፋል። ምን እንደሚጠመጠም አይናገርም፤ ምን መማር እንደሚገባም አይናገርም። ጥምጥሙን አምጥቶ ራስ ላይ የሚያኖረው አድማጩ ነው። «መጠምጠም» ከ«ይቅደም» ጋር ቤት ስለሚመታም አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

«ጠመጠመ» ጨርቅን ወይም ገመድን ደጋግሞ አዞረ ማለት ነው። በቤተ ክህነት አካባቢ ግን ቃሉ በካህኑና በደብተራው ራስ ላይ ወደሚዞረው ነጭ ሻሽ ያዘነብላል፤ «ጠምጣሚ» ሲባልም ሰዉ የሚረዳው ያንኑ ነው። የምሳሌው ሥር እዚህ ነው። ሻሽ ከገበያ ይገዛል፤ እጁ የለመደ ሰው በጥቂት ደቂቃ ጠምጥሞት ይወጣል። ትምህርቱ ግን የሚገዛበት ገበያ የለም። ልጁ የበግ ለምድ ደበሎ ለብሶ፣ የምግብ መያዣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል። ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ ይሻገራል። በቅኔ ቤት ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ለቅኔው ዋሸራ፣ ለአቋቋሙ ጎንደር፣ ለቅዳሴው ደብረ ዓባይ፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ይወርዳል። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ዘልቄያለሁ የሚልም ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ሻሹን የጠቀለለ ሰው ማኅሌት ሲቆም አንድ ምሽት እንኳ ሳይሞላው ይታወቅበታል።

አዳኝና ወታደርም በፊናው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላል። ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ፤ እኔ ግን የጥምጥሙ ይከብደኛል። ጎፈሬ፣ ማለት የገዳይነት ምልክት የሆነው ጠጉር፣ የሚዋሸው ስላለፈ ነገር ነው፤ ምስክር ከሌለ ውሸቱ አብሮ ያረጃል። ጥምጥም የሚዋሸው ነገ ስለሚጠየቅ ነገር ነው። ሰው ጥምጥም አይቶ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

የዛሬ ዘመን ጥምጥም ምን እንደሚመስል ያየሁት ስብሰባ እንድመራ በታዘዝሁ ጊዜ ነው። አጀንዳው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነበር፤ አዋጁ ከወጣ ወዲህ የሠራተኞችን ማኅደር እንዴት እንያዝ የሚል። የሚያውቀው የሕግ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ሄዷል። አዋጁን በዋዜማው ምሽት እስከ ግማሹ አንብቤ ተኛሁ፤ ጠዋት ከረባቴን አሰርሁና «እንደሚታወቀው» ብዬ ጀመርሁ።

ይህች «እንደሚታወቀው» የስብሰባችን ሻሽ ናት። ማን እንደሚያውቀው አትናገርም፤ ተናጋሪው ከማያውቁት ወገን መሆኑን ግን ትሸፍናለች። ለዐሥር ደቂቃ ያህል ሸፈነችኝ። ከዚያ በመዝገብ ቤት ያረጁት ወይዘሮ እጃቸውን አወጡ።

«ሰብሳቢያችን፣ በማኅደሩ ውስጥ ያለው የሐኪም ወረቀትስ? እሱን እንዲያይ የሚፈቀድለት ማን ነው?»

የጤና መረጃ ከሌላው ይበልጥ ጥብቅ ጥበቃ እንደሚሻ አሁን አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ወረቀቴን አገላብጬ «ወደ ኋላ እንመለስበታለን» አልሁ።

«ወደ ኋላ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና እውነቱን ተናገርሁ፤ አዋጁን ያነበብሁት እስከ ግማሹ ነው።

ምሳሌውን ለስድብ ብቻ የሚያውሉት ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በወጣቱ ኃላፊና በአዲሱ ሹም ላይ ይወረውሩታል፤ «ዐርፈህ ተቀመጥ» የማለት ያህል። ምሳሌው ግን «ይቅር» አይልም፤ «ይቅደም» ነው የሚለው። ተራ ያስይዛል እንጂ አይከለክልም። በዚያው በአብነት ትምህርት ቤትም ሳይጠመጥሙ ሌላውን መምራት አለ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ ማለት ያስጠናል፤ የዘለቀውን ያህል ያስይዘዋል፤ ከእርሱ በላይ የሆነውን ወደ የኔታ ያሳልፈዋል። ደበሎ እንደለበሰ ይመራል፤ በዚህም የሚያፍርበት ነገር የለም። ሊቃውንቱ የማስተማሪያውን ሸንጎ «ጉባኤ» ማለታቸውና እኛም የቢሮ ስብሰባ መዝገባችንን «ቃለ ጉባኤ» ማለታችን ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው፤ ጠባዩን ግን አልወረስነውም።

እንግዲህ ያቺን ስብሰባ ደበሎ ለብሼ ጨረስኋት ማለት እችላለሁ። ማብራራቴን ተውሁና ተራ በተራ ጠየቅሁ፤ እርስዎ ዘንድ ያለው ማኅደር የትኛው ነው? ማን ያየዋል? ማንስ ባያየው ይሻላል? ደመወዝ ክፍሉ የሚያውቀውን መዝገብ ቤቱ አያውቅም ነበር፤ የኮምፒውተር ባለሙያውም የድሮውን ወረቀት አይቶት አያውቅም። መልስ ያላገኘንላቸውን ጥያቄዎች ለብቻቸው ጽፈን ወደ ሕግ አዋቂ እንዲላኩ ወሰንን፤ የሐኪሙ ወረቀት ጥያቄ በአንደኛ ተራ ተቀመጠ። ያን ዕለት ያለ ሕግ አዋቂ የፈታነው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የማኅደሩ ሣጥን ቁልፍ ሁሉም በሚያልፍበት በር ላይ በሚስማር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ወይዘሮዋ ተነሥተው አወረዱትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።