ኮር አይ 5 ሁሉ አንድ አይደለም

ደሴና ኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትፈልጉ ልጆች «ኮር አይ 5 ነው፣ ልግዛው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠየቃችሁ። አብሽሩ፣ ቀላል ነው። ኮር አይ 5 የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ ስም ነው፤ 5 ደረጃውን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ከ2ኛ እስከ 9ኛ ትውልድ (የተሠራበት ዙር) ባሉት ላይ ዕድሜውን የሚነግራችሁ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ ነው። አይ 5-7200ዩ 7ኛ ትውልድ ነው፤ ኮሩ (በውስጡ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) 2። አይ 5-8250ዩ 8ኛ ነው፤ ኮሩ 4። የሁለቱም ስም ግን ያው አይ 5! ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበለውም ሁለተኛው ብቻ ነው።

ስቲከሩን አትመኑ፣ ተነስቶ ሌላ ሊለጠፍበት ይችላል። እዚያው ሻጩ ፊት አስከፍታችሁ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ሙሉ ቁጥሩን አንብቡ። እጃችሁ ላይ የሚኖረው ፍጥነት ግን እንደ ራሙና እንደ ዲስኩ ይለያያል፤ 8ኛ ትውልድም ሆኖ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ከሌለው ሲከፈት ይንቀራፈፋል።