የአባት ዕረፍት፦ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርክና የጳጳስ ሐዘን ሥርዓት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ወይም ጳጳስ ሲያርፉ ሐዘኑን የሚመራው ጸሎት ነው። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ መንግሥት የሐዘን መግለጫ ያወጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ዋናው ሥራ ግን የካህናቱ ነው፤ ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ዓመት ድረስ በተወሰኑ ቀናት ይቀጥላል። በዚህ ሐዘን ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ጉድለቶች የሚመጡትም ሌላው መርሐ ግብር ጸሎቱን ሲገፋው ነው።

ጳጳሳት ሁሉ ከመነኮሳት የሚመረጡ ናቸው። መነኩሴ ደግሞ በመነኮሰበት ቀን መሬት ላይ ተኝቶ፣ ልብስ ተሸፍኖበት፣ እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ተደግሞለታል። ለዓለም የሞተው ያን ጊዜ ነውና የሥጋ ዘመዱ የሐዘኑ ዋና ባለቤት ሆኖ አይቆጠርም። ለቅሶ የሚደረሰው በመንበረ ፓትርያርኩ ወይም በሀገረ ስብከቱ ሲሆን የሐዘንተኛነቱን ወንበር የሚይዙት ሊቃነ ጳጳሳቱ፣ ካህናቱና አባትየው ያሳደጓቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። ይህ ማለት ግን ወንድምና እኅት ከበር ይመለሳሉ ማለት አይደለም። ከገጠር የመጡ አረጋውያን ዘመዶች በጥበቃ ብዛት ከግቢ ውጭ የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ የቀብር ኮሚቴው ገና ሲቋቋም እነርሱን የሚቀበል አንድ ሰው ቢመድብ ይህ አሳዛኝ ነገር አይደርስም።

ዕረፍቱ እንደታወቀ ደወል ይደወላል፣ ዳዊት መደገም ይጀመራል። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለአንባቢዎች ተከፋፍሎ ሳይቋረጥ ይዘለቃል። ግንዘቱን የሚፈጽሙት ካህናት ናቸው፤ የሚጸለየውም ከመጽሐፈ ግንዘት ነው። መጽሐፉ ለጳጳስ፣ ለቄስ፣ ለዲያቆን፣ ለመነኩሴ፣ ለምእመናንና ለሕፃናት የየራሳቸውን ሥርዓት ለይቶ ይሰጣል። አስከሬኑ ታጥቦ፣ ዕጣን ታጥኖ፣ በነጭ በፍታ ይገነዛል፤ ለጳጳስ ቆቡና ልብሰ ተክህኖው ይለበስለታል፣ መስቀሉም አብሮት ይሆናል። ቀብሩ የሚዘገይ ከሆነ አስከሬኑ በሆስፒታል ማቀዝቀዣ መቆየቱ አይቀርም። ካህናቱ ግንዘቱን መቼና የት እንደሚፈጽሙ ከሆስፒታሉ ጋር በመጀመሪያው ቀን ካልተስማሙ፣ ረጅም ጊዜ የሚጠይቀው ሥርዓት በሽኝቱ ዋዜማ በጥድፊያ ይጠናቀቃል።

የካህን አስከሬን እንደ ምእመን በደጅ አይቀርም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን ሰዓታትና ማኅሌት ሲቆም ያድራል፣ ጠዋት ይቀደሳል። ቅዳሴው ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ችግሩ የሰው ማነስ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ሁሉም ለማገልገል መፈለጉ ነው። ከየአድባራቱ የመጣው ካህን ማን ምን እንደሚያነብ በጽሑፍ ካልተደለደለ አንዱ ምንባብ ይደገማል፣ ሌላው ይዘለላል።

የዚህ ሌሊት እውነተኛ ሀብት የቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት የሆነው መዋሥዕት ነው። በሙታን ጸሎት ላይ የሚዜመው በግራና በቀኝ ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው፣ ማለትም ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ የሚመሰከርለት ቦታ፣ በጎንደር ምድር ያለው ዙር አምባ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ የተመረቀ ሊቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ መዋሥዕቱ በአጭሩ ተብሎ ሌሊቱ በሌላ መዝሙር ይሞላል። ለትልቅ አባት ግን ሙሉውን ማድረስ ይገባል፤ ባለሙያ ከሩቅም ቢሆን ተጠርቶ መምጣት አለበት። የቅኔ መምህራን ደግሞ በአባትየው ሕይወት ላይ የተቀኙትን ያቀርባሉ። የአባትየውን ድካምና ትምህርት የሚያወሳ አንድ የበሰለ ቅኔ ከረጅም የሕይወት ታሪክ ንባብ ይልቅ ሲጠቀስ ይኖራል።

አስከሬኑ ወደ መቃብሩ ሲሄድ በመንገድ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየማረፊያው ፍትሐት ይደገማል። በከተማ ይህ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። አስከሬኑ በመኪና ስለሚሄድና መንገዱ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሚዘጋ ሰባቱ ማረፊያዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በሚደረገው ዑደት ይጠቃለላሉ። ሌላው ስጋት ግፊያ ነው። ሕዝቡ በረከት ለመቀበል ሣጥኑን መንካት ይፈልጋል፣ የመቃብሩን አፈር መዝገን ይፈልጋል። ሰውን በኃይል ከመመለስ ይልቅ በአንድ በር አስገብቶ በሌላው ማስወጣትና መስቀል የያዙ አባቶችን በየመካከሉ አቁሞ ማሳለም ይሻላል፤ የሚሳለመው ያገኘ ሰው ወደ ሣጥኑ አይጋፋም።

አቡነ ባስልዮስ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ፣ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ዐርፈው በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተቀበሩ። ሁለተኛው አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ተነፍጓቸዋል። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ገደላቸው፣ ሥጋቸውንም ሰወረ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ የመንፈስ ልጆቻቸው አባታቸውን እንደ ወጉ እስኪሸኙ 13 ዓመት ጠብቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደላቸው ሰማዕቱ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን ይታሰባሉ። አምስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ዐርፈው ነሐሴ 17 ቀን በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። በመካከሉ ነሐሴ 14 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስለሞቱ ሁለቱ ሐዘኖች ተደራረቡ። ለ27 ዓመት ያህል በስደት ኖረው በ2010 ዓ.ም. የተመለሱት አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ዐርፈው በዚሁ ካቴድራል ተቀብረዋል። በአገር ውስጥና በስደት በነበሩት ሲኖዶሶች መካከል ከወረደው ዕርቅ ወዲህ በቅዳሴ የሁለቱ ፓትርያርኮች፣ የአቡነ ማትያስና የአቡነ መርቆሬዎስ፣ ስም አብሮ ይጠራ ነበር፤ ከአቡነ መርቆሬዎስ ዕረፍት በኋላ ስማቸው ከሕያዋን ጸሎት ወጥቶ ወደ ሙታን ጸሎት ተዛወረ። በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ በእርሳቸው አመራር ሥር ለነበሩት አጥቢያዎች ሐዘኑ የጠናው በዚያች የቅዳሴ ቅጽበት ነው።

ፍትሐት የሚደረግባቸው ቀናት ሣልስት (ሦስተኛው ቀን)፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት ናቸው። ቆጠራው ከቀብር ሳይሆን ከዕረፍት ቀን ይጀምራል፤ የዕረፍቱ ቀን ራሱ አንድ ይባላል። ተራ ሰው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚቀበር ልዩነቱ አይታይም፤ ለፓትርያርክ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። የአቡነ ጳውሎስ ቀብር በስምንተኛው ቀን ስለዋለ ሣልስቱና ሰባቱ ከቀብሩ በፊት አልፈዋል። ከቀብር ቀን የሚቆጥር ደብር አርባውን ከሌሎቹ ጋር ሳይገጥም ለብቻው ያደርሳል፤ ስለዚህ ሀገረ ስብከቱ ቀናቱን ቆጥሮ ለአጥቢያዎች አስቀድሞ ቢልክ መልካም ነው።

ቀናቱ ከዓመቱ አጽዋማት ጋር መመሳከር አለባቸው። የአቡነ መርቆሬዎስ አርባ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለነዳያን የሚቀርበው ተዝካር ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ንፍሮ ይሆናል፣ ሰዓቱም ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። የሆሣዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ሊያርፉ ለሚችሉ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደረጋል፤ በሳምንቱ ያረፈ ጳጳስም ቢሆን በዚያ ጸሎት ይቀበራል፣ የቀረው ከትንሣኤ በኋላ ይሟላለታል።

ልቅሶን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን እንባን አትከለክልም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የምትከለክለው ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትንና ተስፋ የቆረጠ ጩኸትን ነው። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጥቁር ለብሰው ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ ሲነሣ ካህኑ ቁጣ ሳያሰማ ምንባብ ቢጀምር ሕዝቡ ራሱ ዝም ይላል።

በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች አስከሬኑ በሌለበት በየደብራቸው ፍትሐት ያደርሳሉ። በሥራ ቀን መሰብሰብ ስለሚያስቸግር አርባውንና ሙት ዓመቱን በአቅራቢያው ወዳለ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሚያዛውሩት ብዙ ናቸው። ለመስተንግዶው ማዛወሩ ተገቢ ነው። ጸሎቱን ግን ሦስት ካህናት እንኳ ቢገኙ በቀኑ ማድረስ ይቻላልና፣ ፍትሐቱን በዕለቱ አድርሶ ተዝካሩን ብቻ ወደ ሰንበት መግፋት የተሻለው መንገድ ነው።