የክርን ውልቃት ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደሴ ውስጥ ከግንብ አጥር ላይ ወደቀ። 11 ዓመቱ ነው። መሬቱን የተመረኮዘው በተዘረጋ ግራ እጁ ነበር። ስደርስ ክርኑ አብጧል፣ አጥንቱ ወደ ኋላ ገፍቶ ቅርጹ ጠፍቷል። እናቴ «ያ ረቢ! ወጌሻ ጥሩልኝ!» ትላለች። አንዱ ጎረቤት «ወለምታ ነው፣ በቅቤ ይታሽ» አለ። ሌላው «ኧረ ተሰብሯል!» አለ። ውልቃት ያለ ግን አልነበረም።

ወለምታ ጅማት ሲለጠጥ ነው። ስብራት አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲቆረጥ። ውልቃት ደግሞ ስሙ እንደሚለው ነው፦ ቀለበት ከጣት እንደሚወልቅ፣ አጥንት ከመገጣጠሚያው ይወጣል። ክርን ላይ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ። አንዱ ከትከሻ የሚወርደው ነው፣ ሁለቱ ወደ እጅ አንጓ የሚሄዱት። ልጅ በተዘረጋ እጁ ሲወድቅ ሁለቱ የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ።

ልጆች ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። አጥንታቸው ገና እያደገ ነው። በክርን ውስጠኛ ጎን፣ ወደ ሰውነት በሚዞረው በኩል፣ በጣት ስንነካው ጎላ የሚል አጥንት አለ። ክርኑ ሲወልቅ እሱ በጅማት ተጎትቶ ሊገነጠል ይችላል። ይሄ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ቁራጩ መገጣጠሚያው ውስጥ ከተቀረቀረ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። አጥንቱ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊትም በኋላም ራጅ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ወጌሻን ልንቅ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ ቁርጭምጭሚቴን ታሽቻለሁ። ግን የቱንም ያህል የሠለጠነ እጅ ቢሆን ራጅ አይሆንም። ያበጠ ክርን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ ደም ይታገዳል። እጅ እስከ መቆረጥ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

እህቴ ነጠላዋን አጥፋ እጁን እንዳለ፣ ሳታቃና፣ አንገቱ ላይ አነገተችለት። እናቴ አጥሚት ልታጠጣው ስትል ከለከልናት። ማደንዘዣ ሊሰጠው ስለሚችል ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ባጃጅ። የደሴን ኮብልስቶን በወለቀ ክርን መውረድ ምን እንደሚመስል እሱን ጠይቁት።

ሐኪሙ ክርኑን ከመንካቱ በፊት አንጓው ላይ የደም ትርታውን ዳሰሰ። «ጣቶችህን በትን። አሁን አውራ ጣትህንና ሌባ ጣትህን አገናኝተህ ቀለበት ሥራ» አለው። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን በክርን የሚያልፉት ነርቮች መጎዳት አለመጎዳታቸውን የሚያይበት ነው። ከዚያ በማደንዘዣ አስተኝቶ እጁን ቀስ እያለ ሳበው። ቋ! አለና ገባ። ክርኑ 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ ከኋላ ብቻ በሚደግፍ ግማሽ ጀሶ ታሰረ።

በዚያ ሌሊት የምንጠብቀው ጣቶቹን ነበር። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ንጋትን መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።

የትንንሾቹ ነገር ለየት ይላል። ባጃጅ እንዳያመልጥ የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ እጁ ብድግ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ እጁን አንጠልጥሎ አልነካም ይላል። እብጠት የለም። እዚህ ሙሉ ውልቃት ሳይሆን ከሁለቱ የታችኛው ክንድ አጥንቶች የአንዱ ራስ ከያዘው ጅማት ትንሽ መንሸራተት ነው። ሐኪም በአንድ ጊዜ አዙሮ ይመልሰዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ልጁ በዚያው እጁ ከረሜላ ይቀበላል። ጀሶም አያስፈልገው። እጅ ይዞ ማንሳት ግን ይቅር፣ በብብት ያንሱት።

ወደ ትልቁ ልጅ ልመለስ። አጥንቱ ከተመለሰ በኋላ የክርን ዋና ጠላት መድረቅ ነው። ቤተሰብ «እስኪጠነክር ይቆይ» እያለ ጀሶውን ያራዝማል፤ ስህተት ነው። ስብራት ከሌለ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይበቃል። ከዚያ ልጁ ራሱ ማጠፍና መዘርጋት ይጀምራል። «ራሱ» የሚለውን አስምሩበት። ሌላ ሰው በጉልበት መለጠጥና ማሸት ጡንቻው ውስጥ አጥንት እስከ ማብቀል ሊያደርስ ይችላል። እናቴ ይሄን ስትሰማ የቅቤውን ዕቃ መልሳ ሰቀለችው።

የኛ ልጅ መጀመሪያ የቻለው እንጀራ መጉረስ ነው፣ ቀጥሎ ትከሻውን መንካት። ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት ወራት ፈጀበት፤ አሁንም ከቀኙ ጋር ሲያስተያዩት ትንሽ ጎደል ይላል። ሐኪሙ ይሄ የተለመደ ነው፣ ሥራ አያስፈታውም ብሏል። ኳስ ጀምሯል። በረኛ መሆን ግን እህቴ እስካሁን አልፈቀደችለትም።