የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ አንዲት አነስተኛ ከተማና በዙሪያዋ ያለው ገጠር በአገር ታሪክ ውስጥ የነበራቸውን ድርሻ የሚዘክሩበት ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። የበዓሉ ባለቤት በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ሲሆን፣ አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር በሚል ስምም ትታወቅ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የሚበዛባት፣ ገብስ፣ ድንችና ቀርከሃ በሚበቅልበት ደጋ የተከበበች ከተማ ናት። ክረምቱ በሚረዝምበትና መሬቱ በሚጨቀይበት በዚህ አገር ፈረስ የሹማምንት ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ገበሬው ይጋልበዋል፣ ይጭነዋል፣ ያርስበታልም። ሙሽራ የሚታጀበው በፈረስ ነው፤ የተከበረ ሰው ሲሞትም ፈረሰኞች ተሰልፈው ሐዘናቸውን ይገልጻሉ። በዓሉን ለመረዳት ከጦር ሜዳው ታሪክ በፊት ይህን የዕለት ተዕለት ቁርኝት ማየት ይገባል።

የማኅበሩ መነሻ ሁለት ጦርነቶችን ያያይዛል። የመጀመሪያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዓድዋ ጦርነት ነው። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በዘመተበት በዚያ ጦርነት ፈረሰኞች የነበራቸው ሚና፣ ከነፈረሶቻቸው ውለታ ጋር፣ ማኅበሩ እንዲዘከር የሚፈልገው ዋና ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ማኅበሩ የተመሠረተበት ዘመን ራሱ ነው። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም ገና በጣሊያን ወረራ ሥር ነበር፤ የወራሪው ጦር ከእንጅባራ አካባቢ ለቅቆ የወጣው፣ አርበኞችና ከሱዳን በኩል የገባው ኃይል ሲገፉት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የተሸነፈበትን ጦርነት የሚዘክር ማኅበር ጣሊያን ገና አገር ውስጥ ሳለ መቋቋሙ በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚደንቀው ነገር ነው፤ በየዓመቱ በሚደረጉት ንግግሮች ግን የሚገባውን ያህል ትኩረት ሲያገኝ አይታይም።

ቀኑ 23 መሆኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ጋር የተያያዘ ነው። የዓድዋ ድልም የተገኘው በዚሁ ዕለት ሲሆን፣ ፈረሰኛው ሰማዕት ለፈረሰኞች ማኅበር ተገቢ ጠባቂ መሆኑ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወሩ ከየካቲት ይልቅ ጥር የሆነበት ምክንያት ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ የካቲት 23 ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ጥር ግን አዝመራው የተሰበሰበበት፣ ሰርግ የሚበዛበት፣ ጠላና ሥጋ የማይከለከልበት ወር ነው።

በዓሉ በሚውልበት ዕለት ፈረሰኞች ከየወረዳው ተነሥተው ወደ ከተማዋ ይገባሉ። በአፈ ታሪክ ከሰባት ወንድማማቾች እንደተወለዱ የሚነገርላቸው የሰባት ቤት አገው አካባቢዎች፣ ማለትም አንካሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል፣ ዛሬ በተለያዩ ወረዳዎችና በሁለት ክልሎች የተከፈሉ ቢሆኑም፣ በበዓሉ ላይ የአንድነታቸው መጠሪያ ሆነው ይነሣሉ። ፈረሶቹ በደማቅ ቀለም በተጠለፈ ግላስ፣ በተሽሞነሞነ ኮርቻና ልጓም ይሸለማሉ። በሜዳው ላይ ሽምጥ ግልቢያ፣ ስግሪያና ጉግስ ይታያሉ። ሽምጡ ፍጥነትን ብቻ ይጠይቃል፤ በስግሪያ የሚመዘነው ግን ፈረሱ ጋላቢውን ሳይንጥ በተስተካከለ ርምጃ መፍጠኑ ስለሆነ፣ አዋቂዎች የፈረስን አስተዳደግና የባለቤቱን ሙያ የሚለዩት በዚህኛው ነው። ጉግስ ደግሞ አንዱ ወገን ሲያሳድድ ሌላው በጋሻ እየመከተ የሚሸሽበት፣ የጦር ልምምድ የነበረ ጨዋታ ነው። ፉከራና ቀረርቶ አይቀሩም፤ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ያሰኘው የፈረስ ስም ልማድም ከዚሁ ዓለም የወጣ ነው።

ሜዳው ላይ የሚታየው ትርኢት ግን የማኅበሩ አንድ ገጽታ ብቻ ነው። ማኅበሩ በቀሪው የዓመቱ ክፍል እንደ እድር አባሉ ሲቸገር ይረዳል፣ ሲሞት ይቀብራል፤ የተጣሉትን በሽማግሌ ያስታርቃል። በጠብ የሚፈላለጉ ሰዎች በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ማድረጉ፣ ከጉልበቱ ይልቅ ለተሰሚነቱ ምክንያት ሆኖታል። በዓሉ ከሰማንያ ዓመት በላይ፣ መንግሥታት እየተለዋወጡ ሳለ ሊዘልቅ የቻለው በዚህ መሠረት ላይ በመቆሙ ይመስላል።

ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ በዓሉ የክልልና የፌዴራል ባለሥልጣናት የሚገኙበት፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ፣ በአቅራቢያው ያለውን የዘንገና ሐይቅ ከሚያስጎበኝ የቱሪዝም ዝግጅት ጋር የተቆራኘ ሆኗል። የከተማዋ ሆቴሎችና ነጋዴዎች ከዚህ ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል የክብር እንግዶች ንግግር እየረዘመ የፈረሰኞቹን ሰዓት ይሻማል። በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚደረገው ጥረትም፣ ከሜዳው ውድድር እኩል የማኅበሩን የመረዳዳትና የዕርቅ ሥርዓት መዝግቦ ማቅረብ ይኖርበታል።