ቁራኛ ምንድን ነው?

ልጅ ሆኜ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቅ» ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው ቁራ ነበር። እናቴ ቋንጣ ሰቅላ እንዲህ ብላ ትሄዳለች። ጣሪያው ላይ ደግሞ ቁራ አይጠፋም። ነገሩ ልክ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ!

ቃሉ ከወፉ ጋር ዝምድና የለውም። የመጣው «ቆረኘ» ከሚለው ግስ ነው፤ አያይዞ አሰረ ማለት ነው። በድሮው አጻጻፍ «ቍራኛ» ነው። ጋዜጣ ላይ የማይጠፋው «ቁርኝት»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው።

ቁራኛ መጀመሪያ ሰው ነው። ፖሊስና እስር ቤት እንደዛሬው ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ተከሳሽ እንዳይጠፋ ከከሳሹ ጋር ይታሰር ነበር። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ በሰንሰለት ይያያዛል። ተበዳሪም ከአበዳሪው ጋር እንዲሁ። ዋስ የጠራ ከዚህ ይድናል። አንዳንዴም በሰንሰለት ፋንታ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የመጡ ፈረንጆች እንዲህ የተቆራኙ ሰዎችን ፎቶ አንስተዋል።

እስቲ አስቡት። ብርህን የበላብህ ሰው እጅህ ላይ ታስሯል። ዳኛው ያለው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው። እሱ ሲቀመጥ ትቀመጣለህ። ሽንቱ ሲመጣ አብረኸው ትነሳለህ። ሌሊት በተገላበጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ይጎትትሃል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ከሳሹም እስረኛ ነው። መንገድ ላይ «በቃ፣ እንታረቅ» ያለ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ሰንሰለቱ ቀረ፤ ቃሉ ግን አልቀረም። «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ዓይን የሰንሰለቱን ሥራ ይሠራል፤ ለአፍታም ከሰውየው ላይ አይነሳም። «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው በሽተኛ ደግሞ ከአልጋው ጋር የታሰረ ነው፤ አልጋው አልለቀቀውም። ጸበል ቦታ ከሄዳችሁ፣ ሰው ላይ ተጣብቆ አልወጣም ያለ መንፈስም ቁራኛ ሲባል ትሰማላችሁ። አሁን አሁን «የስልክ ቁራኛ ሆነ» የሚልም አለ።

እህቴ ዘንድ ቃሉ አሁንም ሰው ነው። የሁለት ዓመት ልጇ ቀሚሷን ይዞ ጓዳ ሳሎን ይከተላታል። ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ይደበድባል። «መጣሁ፣ ቁራኛዬ!» ትለዋለች ከውስጥ።